ደንገሉን ማን ያጭዳል? ስለ ግቢ የባህል ዝግጅቶች የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የኅዳር ወር ሲቃረብ ከባሕር ዳር የሚደርሱን ደብዳቤዎች ሁሉ የባህል ልብስ ይለብሳሉ። ከዩኒቨርሲቲው የፔዳ፣ የፖሊና የዘንዘልማ ግቢዎችና ከከተማው ከመጡት መካከል ስድስቱን መርጠናል። ረጃጅሞቹን አሳጥረን፣ የጸሐፊዎቹን ስም አስቀርተን አቅርበናቸዋል።

«የባህልና ኪነ ጥበብ ክበብ ጸሐፊ ነኝ። የብሔር ብሔረሰቦችን ቀን ምክንያት አድርገን የአንድ ቀን ዝግጅት አስበናል። አሥራ ሁለት ቡድኖች ተመዝግበዋል፤ ሁሉም መድረክ ላይ መውጣት ይፈልጋል። አዳራሹ የተፈቀደልን ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ብቻ ነው። ምሳና ቡናም አለ። ከምን እንጀምር?» (ከፔዳ ግቢ)

ከሂሳቡ ጀምሪ። ለአሥራ ሁለት ቡድን አሥር አሥር ደቂቃ ብትሰጪ 120 ደቂቃ ነው። አንዱ ወርዶ ሌላው እስኪወጣ፣ ማይክ እስኪስተካከል ለእያንዳንዱ ሦስት ደቂቃ ጨምሪ፤ 36። በድምሩ 156 ደቂቃ ሆነ። በእጅሽ ያለው 180 ነው፤ የክብር እንግዳው ግማሽ ሰዓት ዘግይተው ይመጡና «አጭር መልእክት» ብለው ሃያ ደቂቃ ይናገራሉ። ስለዚህ የመጨረሻዎቹ ሁለት ቡድኖች ለብሰው፣ ተቀብተው፣ መድረክ ሳይረግጡ ይመለሳሉ። መጨረሻ ላይ የሚመደቡት ደግሞ ብዙ ጊዜ ቁጥራቸው ያነሰ፣ ጠያቂ የሌላቸው ቡድኖች ናቸው። ቂሙ የሚጀምረው እዚህ ነው።

መድረኩን ለስምንት ቡድን ሰባት ሰባት ደቂቃ አድርጊው። ከነመቀያየሪያው 80 ደቂቃ ይወስዳል። አራቱን ቡድን ወደ ጠረጴዛ አምጪ፤ ሽመና፣ ስፌት፣ ምግብ፣ የፀጉር አሠራር ከሩቅ አይታይም፣ ከቅርብ ነው የሚያምረው። ማን መድረክ፣ ማን ጠረጴዛ ይሁን የሚለውን ግን ክበቡ ብቻውን አይወስን፤ ከየቡድኑ አንድ ሰው ተጠርቶ አብሮ ይወሰን።

አንድ ጥንቃቄ ደግሞ አለ። «ጊዜ የለም፣ ሦስት ሰው ብቻ ላኩ» የማይባልባቸው ጨዋታዎች አሉ። የበርታ ዋዛ ከቅል የሚሠራ መለከት ነው፤ እያንዳንዱ ነፊ የሚያወጣው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፣ ዜማው የሚገኘው ሁሉም ተራቸውን ጠብቀው ሲነፉ ነው። የዲራሼ የዋሽንት ጨዋታ፣ ፊላም፣ እንደዚሁ። ከእነዚህ ላይ ግማሹን መቀነስ ከክራር ላይ ሦስት ክር በጥሶ «በሉ ተጫወቱ» እንደማለት ነው። ቡድኑን ሙሉውን አስገቢ፣ ካልሆነ በሌላ ዝግጅት አስተናግጂ።

ወደ ቀኑ እንምጣ። ኅዳር 29 የተመረጠው ሕገ መንግሥቱ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀበት ዕለት ስለሆነ ነው፤ በዓሉ መከበር የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ነው። የነቢያት ጾም የሚገባው ደግሞ ኅዳር 15 ነው። በሌላ አነጋገር ይህ በዓል በየዓመቱ ጾም ውስጥ ይውላል፣ አንድም ዓመት አያመልጥም። ያም ሆኖ በየዓመቱ ክትፎና ዶሮ ወጥ ያዘዘ ኮሚቴ አይጠፋም፤ ግማሹ ታዳሚ ቆሞ ሲያይ፣ ምግቡ ሲተርፍ፣ በጀቱ ሲባክን ይታያል። ዋናውን ማዕድ የጾም አድርጊው፤ ሽሮ፣ ክክ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ሱፍ ፍትፍት። ይህን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብሮ ይበላዋል። ሥጋ የግድ ከሆነ ዕርዱ ሁለት፣ ማብሰያው ሁለት፣ ጭልፋውም ሁለት ይሁን፤ በጉልህም ይጻፍበት። ዓሣን በተመለከተ ባሕር ዳር ላይ «ይጾማል፣ አይጾምም» የሚለውን ክርክር ክበቡ አይፈታውም። ለብቻው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት፣ የሚበላ ይበላል።

ቡናውን አትናቂው። ለ200 ሰው አቦሉን ብቻ ለማዳረስ 200 ስኒ ያስፈልጋል። መካከለኛ ጀበና ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ስኒ ይቀዳል፤ ስለዚህ አሥራ ስምንት ጀበና መፍላት አለበት። ለአንድ ጀበና 60 ግራም ያህል የተወቀጠ ቡና ብትይዢ 1 ኪሎ ከ100 ግራም ገደማ ነው፤ ሲቆላ ክብደቱ ስለሚቀንስ ጥሬውን ኪሎ ተኩል ግዢ። በአራት ጀበና ብትሞክሪው አምስት ዙር ይሆናል፤ አንዱ ዙር ከሃያ ደቂቃ ባያንስ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ነው። ሕዝቡ እስከዚያ አይቆይም። ወይ ጀበናውን ስምንት አድርጊ፣ ወይ ቡናውን ከመድረኩ ጋር እኩል አስጀምሪ። ከሰሉና ዕጣኑ ግን ከአዳራሹ ውጭ ይሁን። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የከሰል ጭስ የሚያደርገውን ሁሉም ያውቃል፣ በበዓል ቀን ግን ሁሉም ይረሳዋል።

የፈቃድ ደብዳቤውን በተመለከተ ስምንት ሳምንት ቀደም ብለሽ ለተማሪዎች ዲን ጽሕፈት ቤት አስገቢ፤ ግልባጩ ለግቢው ጥበቃ፣ ለጠቅላላ አገልግሎትና ለትራንስፖርት ይሁን። ግቢዎቹ የተራራቁ ስለሆኑ ከዘንዘልማና ከፖሊ የሚመጡት አውቶቡስ ካልተያዘላቸው አይደርሱም። የገቢ ቁጥርና ቀን ያረፈበትን ቅጂ ያዢ። «ደብዳቤሽ አልደረሰንም» የሚባለው ሁልጊዜ ያለ ቅጂ ለሄደ ሰው ነው።

«የሜካኒካል ምሕንድስና ተማሪ ነኝ። ከነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ታንኳ ሠሪዎችን ጋብዘን ግቢ ውስጥ እየሠሩ እንዲያሳዩን እንፈልጋለን። ታንኳው የሚሠራበትን የሐይቅ ዳር ተክል፣ ደንገሉን፣ እኛው አጭደን ብናዘጋጅ ወጪ ይቀንስልናል። ስንት ያስፈልጋል? ምን እንጠንቀቅ?» (ከፖሊ ግቢ)

ደንገሉን እናንተ አትጨዱት። ወንድማችን፣ ይህን በቀጥታ የምንነግርህ በሦስት ምክንያት ነው።

አንደኛው ሙያው ነው። የደንገል ግንድ ሲቆረጥ ሦስት ማዕዘን ነው፤ ውስጡ ነጭና እንደ ስፖንጅ አየር የያዘ ነው፣ ታንኳውን የሚያንሳፍፈውም ያ አየር ነው። እርጥቡን ቢያስሩት ይከብዳል፣ ውሃ ላይ እስከ ወገቡ ይሰምጣል። ከልክ በላይ የደረቀውን ደግሞ አፍንጫውን ወደ ላይ ሲያጥፉት ይሰነጠቃል። ልኩ በመካከል ነው፤ አረንጓዴው ጠፍቶ ወደ ገለባ ቀለም ሲያደላ፣ ሲጫኑትም እርጥበት ሳያወጣ ሲቀር። ይህን በእጁ ዳብሶ የሚያውቅ ሠሪው ነው። ስንት ሸክም እንደሚበቃም እሱ ይንገርህ፤ ለአንድ ሰው የሚሠራውና ማገዶ የሚጫንበት ታንኳ መጠናቸው ለየቅል ነው።

ሁለተኛው ቦታው ነው። የጣና ዙሪያ ረግረግ እየጠበበ ሄዷል፣ ሐይቁና አካባቢው እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ተመዝግቧል። ደንገል ከላይ ቢታጨድ ከመሬት በታች ካለው ግንዱ መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ካልለመደ እጅ ጋር ግን ከነሥሩ ይነቀላል፣ ከዚያ በኋላ የለም። ጉማሬም አለ፤ ሌሊት ለግጦሽ ይወጣና ማለዳ ወደ ውሃው ይመለሳል፤ በመንገዱ ላይ የቆመን ተማሪ አይምርም። ሦስተኛው ደግሞ የሰው ገቢ ነው። ማጨዱና ማድረቁ የሥራቸው ክፍል ስለሆነ ዋጋውን ክፈሉበት።

የሥራውን ሂደት ለማሳየት የምንመክርህ እንዲህ ነው። ሠሪዎቹ ግማሽ ያደረሱትን አንድ ታንኳ አስቀድመው ያምጡ፤ በዕለቱ ደግሞ አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን ትንሽ ታንኳ ከመጀመሪያው ጀምረው ይሠሩ። ተመልካቹ አንዱ ላይ አነሳሱን፣ ሌላው ላይ አጨራረሱን ያያል። ቦታው ጥላ ያለው፣ ለውሃ ቅርብ የሆነ ሣር ይሁን፤ ማሠሪያውን ለማርጠብ አንድ ባልዲ ውሃ አጠገባቸው አኑሩ። አስፋልት ላይ አይሆንም፣ እነሱ የሚሠሩት ተቀምጠውና በጉልበታቸው ተጭነው ነው። የደረቀ ደንገል እንደ ጭድ ስለሚነድ ቡናውን ከዚያ አርቁት። በነዶው መካከል የእምቦጭ ቁራጭ ካለ ለቅማችሁ በፀሐይ አድርቁት እንጂ ወደ ኩሬ ወይም ወደ ቦይ አትጣሉት፤ ከቁራጭ ብቻ መልሶ ይበቅላል።

ውሃ ላይ መሞከር ካሰባችሁ በጠዋት ይሁን። ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ነፋስ ይነሳል፣ ማዕበሉም አብሮ። የሚወጣው ሁሉ የሕይወት ጃኬት ይልበስ። ታንኳው ከውሃ ሲወጣ ዳር ላይ አዘንብላችሁ አድርቁት፤ ውሃ ውስጥ የሚያድር ታንኳ ስፖንጁ ውሃ እየጠጣ ይከብድና ዕድሜው ያጥራል።

ክፍያውን አስቀድመህ ፋይናንስ ጠይቅ። ታንኳ ሠሪ የታተመ ደረሰኝ የለውም፤ እንደ ዕቃ ግዢ ከተያዘ ወረቀቱ ከቢሮ ቢሮ ሲዞር ወር ያልፋል። በባለሙያ የቀን ክፍያ፣ በቀበሌ መታወቂያና በፊርማ መክፈያ ዝርዝር ይቻል እንደሆነ ከአራት ሳምንት በፊት አረጋግጥ። ክፍያው በዚያው ቀን፣ በእጃቸው ይሰጣቸው።

አሁን ከሁሉ የሚበልጠው። ማኅበረሰቡ ራሱን የሚጠራው ነገደ ወይጦ ብሎ ነው፤ አስተዋዋቂው «ወይጦ» ብሎ እንዳይቆርጠው ጽፈህ ስጠው፣ አስለምደው። በድሮ ጊዜ ጉማሬ ይበላሉ ተብለው ጎረቤት አብሯቸው ማዕድ አይቆርስም ነበር፤ ስድቡ ገና አልጠፋም። እንግዲህ እነዚህን አባቶችና እናቶች ጋብዞ፣ ሌላውን በትሪ እያበሉ ለእነሱ በሚጣል ሳህን ለብቻ ማቅረብ ምን ማለት እንደሆነ አስበው። እንግዳ ናቸው፤ ከዲኑ ጋር በአንድ ገበታ ይቀመጡ። ሙስሊሞች ስለሆኑ ለዙህር ሶላት ከ6 ሰዓት በኋላ ዕረፍት ይኑር፣ ውሃና ንጹሕ ቦታም ይዘጋጅ። ተማሪ ጉማሬ አዳኝ መስሎ የሚጫወተውን ድራማ ደግሞ ከነሐሳቡ ተወው።

«ከአዊ ዞን የመጣሁ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ስድስት ሆነን በሳምንት አንድ ቀን በአውጚ የምንነጋገርበት፣ ፍሬሾችንም የምንቀበልበት ሰዓት ጀምረናል። ባነር ስናሳትም ፊደሉ ሳጥን ሆኖ ወጣ። ማተሚያ ቤቱ «ይህ ፊደል የለም» አለን። ምን እናድርግ?» (ከፔዳ ግቢ)

ፊደሉስ አለ። ችግሩ የቋንቋው ስም ራሱ ውስጥ ነው ያለው፤ «አውጚ» የሚለው ቃል የጨረሰበት ፊደል ከጘ ጙ ጚ ጛ ጜ ጝ ጞ ቤተሰብ ነው። በአማርኛ የሌለውን፣ አየር በአፍንጫ የሚወጣበትን ድምፅ ለመጻፍ የተሠራ ነው፤ በብሊንና በኽምጣኛም ያገለግላል። አማርኛ ብቻ ታስቦ የተሠራ የቆየ ፎንት ይህን ረድፍ ላይይዝ ይችላል፤ በቦታው ሳጥን ያስቀምጣል፣ ወይም ማተሚያ ቤቱ በራሱ ሥልጣን «አውጊ» ብሎ ያርመዋል። ሁለተኛው ይብሳል፤ ሳጥኑ ቢያንስ ስሕተት መሆኑን ያሳብቃል።

በዩኒኮድ የሚሠራ፣ ሰፋ ያለ የግዕዝ ፊደል የያዘ ፎንት ተጠቀሚ፤ «አቢሲኒካ ሲል» (Abyssinica SIL) የተባለው ፎንት ይህን ረድፍ ይዟል፣ በነፃም ይገኛል። ጽሑፉን በዎርድ አትላኪ፤ ማተሚያ ቤቱ ሲከፍተው በራሱ ፎንት ይቀይረዋል። ፎንቱን አብሮ የያዘ ፒዲኤፍ አድርገሽ ላኪ፤ ይበልጥ አስተማማኝ የሚሆነው ግን ባነሩን የሚሠራው ልጅ ፊደሎቹን ወደ ቅርጽ ቀይሮ ሲሰጥሽ ነው። ከመታተሙ በፊት አንድ ገጽ በወረቀት አስወጥተሽ ከስድስታችሁ ሁለቱ ፊደል በፊደል አንብቡት። ሦስት ሜትር በአንድ ሜትር ባነር ከታተመ በኋላ የሚታረም ነገር የለም።

የሰዓቱን ነገር በተመለከተ፣ ቁጥሩ እንዲበረክት ብላችሁ ቋንቋውን ለማይችል ሁሉ ወዲያው ወደ አማርኛ አትዙሩ። አንዱን ሰዓት ለሁለት ክፈሉት፤ 40 ደቂቃ በአውጚ ብቻ፣ 20 ደቂቃ ለመማር ለሚፈልግ እንግዳ። ዕድል ከሰጠሽ ጥር 23 እንጅባራ ላይ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል አለ፤ ማኅበሩ የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው። ጉዞ ልታዘጋጂ ከሆነ የመጀመሪያው ሴሚስተር ፈተና መቼ እንደሆነ አስቀድመሽ እይ፤ በዓሉ ቀኑን አይቀይርም፣ የትምህርት ካሌንደሩ ግን ይቀያየራል። ፈረስን ግን ወደ ግቢ ለማምጣት አታስቢ፤ አስፋልት፣ ስፒከርና ፈረስ አይስማሙም።

«የጋምቤላ ልጅ ነኝ፣ ኑዌር። ሦስተኛ ዓመት ነኝ። እውነቱን ልናገር፤ የባህል ቀን ሲደርስ ስልኬ ይጮሃል፣ «ኑ ጨፍሩልን» ይሉናል። በሌላው ጊዜ የሚያስታውሰን የለም። ሴሚስተር ሲዘጋ አገሬ ሩቅ ነው፣ ዶርም ይዘጋል። ይህስ ከባህል ፕሮግራም ጋር ግንኙነት የለውም?» (ከዘንዘልማ ግቢ)

አለው እንጂ። እንዲያውም ዋናው እሱ ነው ብንል አልተጋነነም፤ በዓመት ሰባት ደቂቃ ከሚጨፈርበት መድረክ ይልቅ ሁለት ሳምንት የሚታደርበት አልጋ ይበልጣል።

ትምህርት ሚኒስቴር ተማሪን ከመላ አገሪቱ ይመድባል፤ ርቀቱን ግን ተማሪው ብቻውን ይሸከመዋል። መጀመሪያ ማድረግ ያለባችሁ ስም ዝርዝር ነው። በሴሚስተር ዕረፍት መሄድ የማይችሉትን ሁሉ፣ ከጋምቤላም ከሶማሌም ከአፋርም ከሌላውም ይሁኑ፣ በስም፣ በመታወቂያ ቁጥር፣ በዶርም ቁጥርና በፆታ ለይታችሁ ጻፉ። ካፌ ተጠቃሚና ኖን ካፌ (ከግቢው ካፌ ውጭ የሚመገቡ) የሆኑትን ለዩ፤ ኖን ካፌ የሆነው ተማሪ በዕረፍት ጊዜ ውጭ ምግብ ቤቶች ሲዘጉ ምን እንደሚበላ ማንም አያስብም። ማመልከቻውን ከመጨረሻው ፈተና ከስድስት ሳምንት በፊት ለተማሪዎች ዲን አስገቡ። ጥያቄው «ዶርም አትዝጉብን» ሳይሆን «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ለዚህን ያህል ሰው፣ በአንድ ሕንፃ ተሰብስበን እንድንቆይ» ይሁን። አስተዳደሩ የሚከለክለው ብዙ ጊዜ ለአሥር ሰው ብሎ አራት ሕንፃ ማስጠበቅና ውሃ ማስለቀቅ ስለሚከብደው ነው፤ አንድ ሕንፃ ሲባል ነገሩ ይቀላል።

ሁለተኛው አቀባበል ነው። አንድ ሲኒየር ከሁለት በላይ ፍሬሽ አይያዝ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሥራ የታወቀ ነው፤ ምዝገባ፣ የባንክ ደብተር፣ የካፌ ካርድ፣ ክሊኒኩ የት እንዳለ፣ ፕሮክተሩን (የዶርም ተቆጣጣሪውን) እንዴት እንደሚያነጋግሩ፣ ባጃጅ ከየት ወዴት እንደሚሄድ። አማርኛ ለሚከብደው ደግሞ የቋንቋ ክፍለ ትምህርት ተማሪዎች በሳምንት ሁለት ቀን እንዲያግዙት ጠይቁ፤ እሱም በተራው ኑዌርኛ ወይም አኝዋክኛ ያስተምራቸው። አንድ ወገን ብቻ የሚቀበልበት እርዳታ ቶሎ ያሰለቻል።

ለ«ኑ ጨፍሩልን» ደግሞ መልስ አለው፤ «እንመጣለን፤ ግን ከአዘጋጅ ኮሚቴው ሁለት ወንበር ስጡን» በል። ቀኑን፣ ምግቡንና የተራውን ቅደም ተከተል ከሚወስኑት ውስጥ ስትሆን ስልክህ የሚጮኸው ከሁለት ወር በፊት ይሆናል።

«መምህር ነኝ። ለሦስተኛ ዲግሪ ካናዳ ተቀብለውኛል። በማመልከቻ ቅጹ ላይ የነባር ሕዝብ ተወላጅ ነህ ወይ የሚል ጥያቄ አለ፤ ልዩ የነፃ ትምህርት ዕድልም እንዳለው አየሁ። እኔም በአገሬ ነባር ነኝ፤ አዎ ብል ስሕተት ነው? በግቢያቸው ስለሚያደርጉት በዓልስ ምን ልወቅ?» (ከባሕር ዳር)

መምህር፣ አዎ አይበሉ። በካናዳ ቅጽ ላይ ያ ቃል የሚመለከተው የካናዳን ነባር ሕዝቦች ብቻ ነው፤ እ.ኤ.አ. የ1982 ሕገ መንግሥታቸው አንቀጽ 35 ሦስት ወገን አድርጎ ይጠቅሳቸዋል፣ ፈርስት ኔሽንስ (በሕጉ አጠራር «ኢንዲያን»)፣ ኢንዊትና ሜቲ። ያልሆኑትን ነኝ ብሎ መሙላት ዕድሉን ለታሰበለት ሰው ከመንጠቅ በላይ ቅበላን ሊያሰርዝ ይችላል። እርስዎን የሚመለከተው የዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮ ነው።

የቃሉን ነገር ካነሱ በአማርኛ ትርጉሙ አስቸጋሪ ነው። «አገር በቀል» ለዛፍና ለዕውቀት ያምራል፣ ለሰው ግን ይከብዳል። «ነባር» ስንል ደግሞ እኛ አገር ወዲያው «መጤው ማነው?» የሚለው ጠብ ይከተላል። ሕገ መንግሥታችን ይህን ቃል ሳይጠቀም «ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች» ማለቱን ያስተውሉ። እነሱ ዘንድ ግን ቃሉ የሚያመለክተው ቅኝ ገዢ ከመምጣቱ በፊት የነበሩትን ነው። «ቀይ ሕንዶች» የሚለውን የድሮ የአማርኛ አጠራራችንን እዚህ ትተውት ይሂዱ፤ ስድብ ነው።

ዩኒቨርሲቲዎቹ ለነባር ሕዝቦች ተማሪዎች የተለየ ቤት አላቸው። ለምሳሌ ቫንኩቨር ያለው የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1993 በአካባቢው ነባር ሕዝቦች የቤት አሠራር የተሠራ ሎንግሃውስ ከፍቷል፤ ግቢው ያለው በመስኪዊም ሕዝብ ምድር ላይ ነው፣ ስብሰባም ይህን በመግለጽ ይከፈታል። እንዲህ ባሉ ቤቶች ማጥኛ ክፍል፣ ወጥ ቤት፣ የትምህርት ምክርና ሽማግሌዎች ይገኛሉ። ሽማግሌዎቹ ለጊዜያቸው ይከፈላቸዋል። ምክር ሲጠየቁ ትምባሆ በስጦታ የሚቀበሉ ሕዝቦች አሉ፣ ሌላ ልማድ ያላቸውም አሉ፤ የየትኛው ሕዝብ እንደሆኑ ቀድሞ መጠየቅ ነው። መስከረም 30 በእነሱ አቆጣጠር የእውነትና የዕርቅ ቀን ነው፤ ከቤተሰብ ተነጥለው በአዳሪ ትምህርት ቤት ለተጎዱ ሕፃናት መታሰቢያ ስለሆነ ብርቱካናማ ሸሚዝ ይለበሳል። ይህ የሐዘን ቀን ነው፣ «እንኳን አደረሳችሁ» አይባልም።

ፓውዋው የሚባለው በዓል ግን ከበሮና ጭፈራ ነው፣ እንግዳም ይጋበዛል። ሰልፉ ሲገባ ይቁሙ፣ ባርኔጣ ያውልቁ። የጨፋሪዎቹን ልብስ «ኮስቱም» አይበሉት፤ የክብር ልብስ ነው፣ እጅም አይነካውም። የንስር ላባ መሬት ከወደቀ አያንሱት፤ ሥርዓቱን የሚያውቅ ሰው እስኪያነሳው ሁሉም ነገር ይቆማል። መሪው «ካሜራ አጥፉ» ሲል ይጥፋ። «ኑ ሁላችሁም» ሲባል ግን አይቀመጡ፣ ይግቡ።

«በባህል ቀን የቀረጽነውን የአዝማሪና የውዝዋዜ ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ መጫን እንችላለን? አንዲት እናት «ለምን ሳትጠይቁኝ?» ብለው ተቆጡን።» (ከፔዳ ግቢ)

እናትየው ትክክል ናቸው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኙ በክዋኔው ላይ መብት ይሰጠዋል፤ መድረክ ላይ መውጣት ደግሞ ለመቀረጽ መፍቀድ አይደለም። ከመድረክ በፊት በአንድ ገጽ ቅጽ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፤ ፎቶ ይፈቀዳል? ቪዲዮ ይፈቀዳል? ኢንተርኔት ላይስ? ማንበብ ለማይችል ይነበብለት፤ ያልፈቀደ ሰው ቀይ ክር በእጁ ይሰር፣ ቀራጩም ከሩቅ ያየዋል። ለጫናችሁት ደግሞ የከዋኙን ስምና አካባቢ ጻፉበት።

ስለ ድምፁ አንድ ነገር እንጨምር። ማሲንቆ ባለ አንድ ክር ነው፤ ማይኩን ከማሲንቆው ቆዳ አንድ ስንዝር አርቃችሁ አቁሙ፣ ኪቦርዱንም ዝቅ አድርጉት። አለበለዚያ የአዝማሪው ቅኔ ተሰምቶ ማሲንቆው ሳይሰማ ይቀራል። እናትየውን ሄዳችሁ ይቅርታ ጠይቋቸው፣ ቪዲዮውን እዚያው ፊታቸው አጥፉት፤ ምናልባት አይተውት «ተዉት» ይላሉ።